አዲስ ዲስክ ጨመርን፤ ፋይላችን የት ገባ?

የማወራው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ስለሚጨመር ዲስክ ነው። ኬብሉ መጥበቁን፣ ዲስኩ በኤልኤስቢኤልኬ (ዲስኮችን በሚዘረዝረው ትእዛዝ) መታየቱን፣ መጠባበቂያ ቅጂ መኖሩን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ቅጂ ሳትይዙ ፎርማት የምታደርጉ ከሆነ አታንብቡ፤ መጀመሪያ ቅዱ።

ምልክት፦ ዲኤፍ (የዲስኩን የተያዘና ባዶ ቦታ የሚያሳየው ትእዛዝ) የሲስተሙ ዲስክ መቶ በመቶ ሞልቷል ይላል፤ ዲዩ (የሚታዩትን ፋይሎች መጠን የሚደምረው) ሲቆጥር ግን ግማሹን እንኳ አያገኘውም። ወይም የሳምንታት ሰነድ በአንድ ጠዋት ድራሹ ይጠፋል።

ምክንያት፦ አዲሱን ዲስክ ማውንት የምታደርጉበት (የምትሰቅሉበት) ፎልደር ራሱ በሲስተሙ ዲስክ ላይ ያለ ተራ ፎልደር ነው። ዲስኩ ሲሰቀልበት በሥሩ ያለው ይሸፈናል፤ ዲስኩ ሳይሰቀል ሲቀር ደግሞ ሰው የሚጽፈው እዚያው ሥር ነው። ፎልደሩን በኔትወርክ ለሠራተኞች የሚያጋራው ሳምባ ዲስኩ ይኑር አይኑር አይጠይቅም፤ ፎልደሩን ካገኘ ይቀበላል።

ደብረ ብርሃን አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሐምሌ ውስጥ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩ ቶሎ ተነሣ፤ ዲስኩ ያለበት ርካሽ የዩኤስቢ ሳጥን ዘገየ። ሰርቨሩ ሲነሣ የትኛው ዲስክ የት እንደሚሰቀል በሚነግረው ኤፍኤስታብ በሚባል ፋይል ላይ «ኖፌይል» (ዲስኩ ባይኖርም ቀጥል) ስለተጻፈ ሰርቨሩ ያለ ዲስኩ ሥራውን ቀጠለ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ፎልደሩን ባዶ ስታገኘው፣ አዲስ የበጀት ዓመት ስለሆነ አጽድተውት ነው ብላ ሦስት ሳምንት ሠራችበት። በነሐሴ አንድ ባለሙያ ዲስኩን በእጁ ሰቀለው፤ አሮጌው ተመለሰ፣ አዲሱ ጠፋ። እኔ ስደርስ ዲስኩን ፎርማት ሊያደርጉት ተሰናድተዋል! «ልጄ፣ የደመወዝ ሰነዱ እኮ እዚያ ውስጥ ነው» አሉኝ ሠራተኛዋ። «እትዬ፣ አልጠፋም፤ ዲስኩ ተኝቶበት ነው» አልኳቸው።

ሸዋሮቢት ደግሞ ጥፋተኛው የሠራተኛ የዘፈን ፍላሽ ነበር። ኤፍኤስታብ ዲስኩን «ኤስዲቢ» በሚለው ስም ይጠራዋል፤ ሰርቨሩ ዳግም ሲነሣ ያንን ስም ፍላሹ ወሰደው። ስንት ጊዜ ልናገር፤ የዲስክ ስም ይቀያየራል፣ በዩዩአይዲ (በማይቀያየረው መለያ ቁጥሩ) ጻፉ!

መፍትሄ፦ ሳምባን አቁሙ። ምንም አታጥፉ። የሲስተሙን ዋና ፎልደር («/») በማውንት «ባይንድ» አማራጭ (አንዱን ፎልደር ሌላ ቦታም በሚያሳየው) ሌላ ባዶ ፎልደር ላይ ስቀሉት፤ የተሸፈነው ሁሉ እዚያ ይታያል። አርሲንክ በሚባለው የመቅጃ ትእዛዝ ወደ አዲሱ ዲስክ ቅዱት፣ ግን ለብቻው በተከፈተ ፎልደር፤ ስሙ አንድ የሆነ ፋይል አሮጌውን እንዳይደመስሰው። የፋይሎቹን ብዛትና መጠን አመሳክሩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ከሥር ያለውን አጥፉ። ከማጥፋታችሁ በፊት የገባችሁበትን ፎልደር አድራሻ ሁለት ጊዜ አንብቡ።

እንዳይደገም፣ ዲስኩን ከተሰቀለበት አውርዱና ባዶውን ፎልደር በቻትር ትእዛዝ «ፕላስ አይ» (መጻፍን የሚከለክል ምልክት) ቆልፉት። ዲስኩ ሳይሰቀል ሲቀር አስተዳዳሪው እንኳ እዚያ መጻፍ አይችልም፤ ተጠቃሚው «አልቀበልም አለኝ» ብሎ ይደውላል፣ እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው። ዲስኩ ተሰቅሎ ሳለ ከቆለፋችሁ ግን ቁልፉ የሚያርፈው በአዲሱ ዲስክ ላይ ነው። ኤፍኤስታብን ከነካችሁም ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት «ማውንት ኤ» (እዚያ የተጻፈውን ሁሉ ስቀል) ብላችሁ ሞክሩት።

ሌሎቹ አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ ናቸው። ትልቅ ዲስክ 2 ቴራባይት ላይ ከቆመ የዲስኩ አከፋፈል የድሮው ኤምቢአር ነው፤ አዲሱ አከፋፈል ጂፒቲ ያስፈልገዋል፣ ይህም ዳታ ሳይገባበት ይሁን። ኤልቪኤም (ዲስኮችን አጣምሮ የሚያከፋፍለው ሥርዓት) አስፍታችሁ ቦታው ካልጨመረ በላዩ ያለውን ፋይል ሲስተም አላሰፋችሁም። ኤክስኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሲስተም ዓይነት ይሰፋል እንጂ በተግባር አይጠብም። ከሥር ምንም ሳይኖር ዲኤፍና ዲዩ ካልተስማሙ የተሰረዘ ፋይል ሳይለቅ ይዞ የቀረ ፕሮግራም አለ፤ በኤልኤስኦኤፍ (የተከፈቱ ፋይሎችን በሚዘረዝረው ትእዛዝ) ፈልጉት።

የደብረ ብርሃኑን የዩኤስቢ ሳጥን እስካሁን አልቀየሩትም።