የልጅዎ አፍ ሲደርቅ ጥርሱን ከመበላት እንዴት ያድኑታል?

ልጁ ከረሜላ አያዘወትርም። ጥርሱንም ይቦርሻል። ግን ጥርሱ ይበላል። እንዲህ ከሆነ ራስዎን ከመውቀስዎ በፊት ምራቁን ይመልከቱ።

ምራቅ ውሃ ብቻ አይደለም። የምግብ ትርፍራፊ ያጥባል፣ ባክቴሪያ ከስኳር የሚሠራውን አሲድ ያለዝባል፣ ለጥርስ ካልሲየምና ፎስፌት ይመልሳል። የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ ሲወርድ የጥርስ ውጫዊ ሽፋን መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ ካነሰ አሲዱ ቶሎ አይለቅም።

መጀመሪያ ልጁን ይታዘቡ። ደረቅ ዳቦ ያለ ውሃ መዋጥ ያቅተዋል? ሌሊት «ውሃ» እያለ ይነሳል? ምራቁ አረፋማና የሚያጣብቅ ነው?

ከዚያ በብርሃን የላይኛውን ከንፈር ገለጥ ያድርጉ። ድድ ጥግ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ካዩ መበላቱ ጀምሯል ማለት ነው፤ ገና ስለሆነ ሊመለስ ይችላል። ቡናማ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው። ስምጥ ሸለቆ ላደገ ልጅ ቡናማ ጥርስ ውሃው ውስጥ ከበዛ ፍሎራይድም ይመጣል፤ ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን ጥርስ የሚያጠነክር ማዕድን ነው።

ቀጥሎ ምክንያቱን ይፈልጉ። የአለርጂ መድኃኒት አፍ ያደርቃል። አፍንጫው ተዘግቶ በአፉ የሚተነፍስ ልጅም እንዲሁ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ ያዘዘውን ሐኪም ያነጋግሩ። ጆሮው ሥር እየተመላለሰ የሚያብጥ ከሆነ «ጆሮ ደግፍ ነው» ብለው አይለፉት። ጆሮ ደግፍ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ይዞ ይለቃል። የሚመላለስ እብጠት የምራቅ እጢው ራሱ መታመሙን ሊያሳይ ይችላል። ጭንቅላቱና አንገቱ ላይ የጨረር ሕክምና የታዘዘለት ልጅ ደግሞ ሕክምናው ሳይጀመር የጥርስ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ማታን ነው። ስንተኛ ምራቅ በጣም ይቀንሳል። ጤነኛ ልጅም ቢሆን ያኔ መከላከያው ይሳሳል። ስለዚህ የመጨረሻው ነገር ብሩሽ ይሁን። ከዚያ በኋላ ጡጦም፣ ጭማቂም፣ ጣፋጭ ሽሮፕም የለም። ከጠማው ውሃ ብቻ። ሽሮፕ ከታዘዘለት ከመቦረሽ በፊት ይስጡት። ስኳር የሌለው ካለም ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይጠቀሙ። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ይትፋው፣ ግን በውሃ አይጉመጥመጥ።

ቀን ላይ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጎንጭ። ስኳር ያለው ሻይና ለስላሳ ከምግብ ጋር ይሁን እንጂ በየመሃሉ አይሁን። ለትልቅ ልጅ ስኳር የሌለው ማስቲካ ምራቅ ያመጣል።

የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ጥርሱ ተበላ» ብቻ አይበሉ። «አፉ ይደርቃል» ብለው ይንገሩ፣ የሚወስደውንም መድኃኒት ይዘው ይሂዱ። የፍሎራይድ ቅብ ያስፈልገው እንደሆነም ይጠይቁ።