የአፊሊዬት ኮሚሽን ከክፍያው ጋር አልገጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

አፊሊዬት ማለት ደንበኛ በማምጣቱ ከሽያጩ ድርሻ (ኮሚሽን) የሚከፈለው አስተዋዋቂ ነው። የአፊሊዬት መከታተያ ሶፍትዌርን ከክፍያ ሥርዓት ጋር ለማገናኘት በብዛት የሚመረጡት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «እናመሰግናለን» በሚለው ገጽ ላይ የሚቀመጥ የጃቫስክሪፕት ኮድ ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ ስትራይፕ ያለ ክፍያ አስተናጋጅ ገንዘቡ ሲገባ በቀጥታ ወደ ሰርቨር የሚልከው መልእክት፣ ማለትም ዌብሁክ ነው። የአመራረጥ ስሕተት የሚታወቀው በሚያሳየው ምልክት ነው።

ምልክት፦ የመጀመሪያው ወር ኮሚሽን ተመዝግቧል፤ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ግን ደንበኛው እየከፈለ ያመጣው ሰው ምንም አያገኝም።

ምክንያት፦ ወርኃዊው እድሳት የሚፈጸመው ደንበኛው ገጹን ሳይከፍት፣ ገንዘቡ ከካርዱ በራሱ እየተቆረጠ ስለሆነ፣ ገጹ ላይ ያለው ኮድ የሚነሣበት አጋጣሚ የለም።

መፍትሄ፦ ወደ ዌብሁክ ይዛወሩ። ይሁንና ዌብሁኩ ክፍያ መፈጸሙን እንጂ ደንበኛውን ማን እንዳመጣው አይናገርም፤ ስለዚህ ደንበኛው ሲመዘገብ የአስተዋዋቂው መለያ ከኩኪው (ደንበኛው የአስተዋዋቂውን ሊንክ ሲጫን ብራውዘሩ ላይ ከሚቀመጠው ትንሽ መረጃ) ተነብቦ፣ በስትራይፕ የደንበኛው መዝገብ ላይ ሜታዴታ በሚባለው ክፍል መጻፍ አለበት። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን እርምጃ ነው። ሲዘለል ክፍያው በትክክል ይደርሳል፣ ባለቤት ግን ያጣል፤ የለፋው ሰው ድርሻም ያለ ድምፅ ይቀራል።

በአይፎን የሚገዙ ደንበኞች ከመዝገቡ የሚጎድሉ ከሆነ ሳፋሪን ይመርምሩ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ብራውዘር በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ኩኪን ከ7 ቀን በላይ አያቆይም፤ አንዳንዴም በ24 ሰዓት ውስጥ ያጠፋዋል። ሊንኩን ዛሬ ተጭኖ ከ10 ቀን በኋላ የሚገዛ ሰው፣ በመካከሉ ወደ ድረ ገጹ ካልተመለሰ፣ ያለ አስተዋዋቂ እንደመጣ ይቆጠራል። ኩኪው ከራስዎ ሰርቨር ቢጻፍ፣ መለያውም ገና በምዝገባው ዕለት ወደ ዳታቤዝ ቢገባ ጉድለቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

ምልክት፦ ለአንድ ሽያጭ ሁለት ኮሚሽን ተመዝግቧል።

ምክንያት፦ ሁለቱም መንገዶች አንድ ላይ ሲሠሩ ይህ ይከሰታል። ከዚህም ሌላ ስትራይፕ ሰርቨሩ መልእክቱን መቀበሉን ካላረጋገጠለት እስከ 3 ቀን ድረስ ደጋግሞ ስለሚልክ፣ መልስ በዘገየ ቁጥር ያው ክፍያ እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል።

መፍትሄ፦ ኮሚሽን የሚመዘግበው አንድ መንገድ ብቻ ይሁን፤ የእያንዳንዱ መልእክት መለያም ተቀምጦ፣ አስቀድሞ የተስተናገደ ከሆነ ይታለፍ።

ኮሚሽኑ መቶ እጥፍ ከበዛ ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ስትራይፕ የዶላርን መጠን በሳንቲም ስለሚልክ 49 ዶላር 4900 ሆኖ ይደርሳል፤ ለ100 ያካፍሉት።

የአንድ ጊዜ ሽያጭ ብቻ ላለው፣ ፕሮግራመርም ለሌለው አነስተኛ ሱቅ የገጽ ኮዱ ሊበቃ ይችላል። ወርኃዊ ክፍያ ላለው ግን ዌብሁክን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት በስትራይፕ የሙከራ ሁኔታ አንድ ደንበኛ ያስመዝግቡ፣ የሙከራ ሰዓቱን (ጊዜ እንዳለፈ የሚያስመስለውን መሣሪያ) ከአንድ ወር ጥቂት አሳልፈው ወደፊት ያራምዱ፣ ከዚያም አንዱን ክፍያ ይመልሱ፤ በመከታተያው ላይ ሁለት ኮሚሽንና አንድ ስረዛ መታየት አለባቸው። ስረዛው ካልታየ፣ ብዙውን ጊዜ የተመላሽ ገንዘብ መልእክት በዌብሁኩ ዝርዝር ውስጥ አልተመረጠም ማለት ነው።