የጾታ መለያዎን በሰነድ ላይ ሲያስቀይሩ፦ ከሥሩ ይጀምሩ

ሰው ጉዳዩን ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው ፓስፖርቱን ነው። ይገባኛል። ኬላ ላይ፣ ሆቴል ላይ፣ ባንክ ቤት የሚያስጨንቀው እሱ ነው። ፊት ለፊት የቆመው ሰው ሌላ፣ የተጻፈው ሌላ። እኔ ሰነድ እተረጉማለሁ፤ መሥሪያ ቤት ብቻቸውን መሄድ የከበዳቸውንም ሰዎች አብሬ እሄዳለሁ። ዓመታት በዚህ ሥራ ሳሳልፍ አጥብቄ የያዝኩት ነገር ቢኖር ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ፓስፖርቱን ለጊዜው መልሱት እላለሁ። መጀመሪያ የሥሩን ወረቀት እንፈልግ።

እያንዳንዱ ሰነድ ከሌላ ሰነድ ይወለዳል። መንጃ ፈቃዱ ከመታወቂያው፣ መታወቂያው ከልደት መዝገቡ ወይም ከነዋሪዎች መዝገብ። ሥሩ ሳይነካ ቅርንጫፉን ብቻ ካስቀየሩ፣ ለእድሳት ሲሄዱ ኮምፒውተሩ አሮጌውን መረጃ መልሶ ያመጣዋል። እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «እዚህ አገር ዋናው መዝገብ የቱ ነው? የሚይዘውስ ማን ነው?» የሚል ይሁን።

ቀጥሎ ሕጉን ይወቁ። አገሮች በዚህ ጉዳይ በጣም ይለያያሉ። አንዳንዱ ጋ የራስዎ ቃል ይበቃል። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንደዚሁ ናቸው) 18 ዓመት የሞላው ሰው ራሱ ሄዶ ያመለክታል። ሐኪም የለም፣ ዳኛ የለም፣ ጠበቃ አያስፈልግም፣ ክፍያም የለም። ዴንማርክ በ2014፣ ማልታና አየርላንድ በ2015፣ ስፔን በ2023፣ ጀርመን በ2024 ወደዚሁ መንገድ መጡ።

የራስ ቃል ይበቃል ማለት ግን በአንድ ቀን ያልቃል ማለት አይደለም። ዴንማርክ ውስጥ ካመለከቱ በኋላ ስድስት ወር ቆይተው ጥያቄዎን ማጽናት አለብዎ። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ቃልዎን ከመስጠትዎ ሦስት ወር አስቀድመው ያስመዘግባሉ። ካስመዘገቡ በኋላ ስድስት ወር ቃልዎን ሳይሰጡ ካለፈ ምዝገባው ይሰረዛል። ቀኑን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፤ ለሚያምኑት ሰውም ይንገሩ። በቀጠሮ መዘንጋት የሚወድቅ ጉዳይ ያንገበግባል።

ሌላው ወገን ማስረጃ ይጠይቃል። ደቡብ አፍሪካ በ2003 ባወጣችው 49ኛ ቁጥር ሕግ የሐኪም ሪፖርት ትፈልጋለች። የብሪታንያ የ2004 ሕግ የሐኪም ምርመራ ውጤትና ቢያንስ ሁለት ዓመት በዚያ ጾታ እንደኖሩ የሚያሳይ ወረቀት ይፈልጋል፤ የሚወስነውም ፓነል፣ ማለትም ለዚሁ የተቋቋመ የባለሙያዎች ጉባኤ ነው። እንዲህ ያለ አገር ከሆኑ ዛሬውኑ ቀላል ቀላሉን ወረቀት በአዲሱ ስምዎ ማውጣት ይጀምሩ። የስልክ ቢል፣ የቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የቤተ መጻሕፍት ካርድ። ምንም የማይረቡ ይመስላሉ። ጊዜው ሲደርስ ግን ቀን ያለበት ወረቀት ሁሉ ይቆጠራል። ብሪታንያ በሌላም ነገር ትለያለች። እዚያ ፓስፖርቱ በሐኪም ደብዳቤ ሊቀየር ስለሚችል የልደት ሰርተፍኬቱ በኋላ ይመጣል። «ከሥሩ ይጀምሩ» የሚለው ምክሬ እዚያ አይሠራም።

በር የተዘጋበትም አገር አለ። ሃንጋሪ በ2020 የጾታ ለውጥን ከመዝገቧ ጨርሳ አስወጣች። ክፍቱም ሊዘጋ ይችላል። አሜሪካ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ፓስፖርት ላይ ኤክስ (X) የሚለውን፣ ወንድም ሴትም የማይለውን መለያ ትሰጥ ነበር፤ በጃንዋሪ 2025 አቆመች። የተከፈተም ሞልቷል። ስዊድን ሰው የጾታ መለያውን ለማስቀየር መካን እንዲደረግ የሚያስገድደውን ሕግ እስከ 2013 ይዛ ቆይታለች። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2017 እንዲህ ያለ ግዴታ መብት መጣስ ነው ብሏል። ስለዚህ ጓደኛዎ ያለፈው ዓመት እንዴት እንዳደረገ ቢነግርዎ ያመስግኑትና ያሁኑን ደንብ ራስዎ ያንብቡ።

ከተወለዱበት አገር ውጭ ለሚኖሩ ጉዳዩ ይከብዳል። የልደት መዝገብዎ ያለው እዚያ ነው፤ እዚያ ደግሞ መንገዱ ላይኖር ይችላል። ቢሆንም ተስፋ አይቁረጡ። በ2020 ያው የአውሮፓ ፍርድ ቤት የአንድ ኢራናዊ ስደተኛን ጉዳይ ዓይቶ ነበር። ሃንጋሪ የልደት መዝገብህ እኛ ጋ የለም ብላ መልሳዋለች። ፍርድ ቤቱ ይህ መብቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ። የጀርመኑ ሕግም የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው የውጭ ዜጎች እንዲጠቀሙ በር ይከፍታል። የሚኖሩበት አገር መታወቂያና የመኖሪያ ፈቃድ ተቀይሮ የትውልድ አገርዎ ፓስፖርት እንደነበረ ሊቀር እንደሚችል ግን ከወዲሁ ይወቁት። ሁለቱን የሚያገናኝ ማህተም ያለበት ወረቀት ሳይዙ ድንበር አይሻገሩ። ፓስፖርቱን ለማሳደስ ኤምባሲ መሄድዎ አደጋ ያመጣብኛል ብለው ከሰጉም፣ ከመሄድዎ በፊት የስደተኛ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ።

ያንን አገናኝ ወረቀት እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት። የፍርድ ቤት ትዕዛዝም ይሁን የመዝገብ ቤት ምስክር ወረቀት፣ አሮጌውንና አዲሱን ስም፣ አሮጌውንና አዲሱን መለያ ባንድ ገጽ ላይ የያዘ መሆን አለበት። በተሰጠዎ ዕለት የተረጋገጠ ኮፒ ደጋግመው ያስወጡ። ኦሪጅናሉን ማንም መስኮት ላይ ጥለው አይሂዱ። ስምዎ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ከሆነ አንድ አጻጻፍ ይምረጡና ሁሉም ጋ እሱኑ ያስጽፉ። አንዲት ፊደል ብትለይ ሌላ ሰው ነዎት ይሉዎታል። አሮጌዎቹንም ሰነዶች አይቅደዱ። ማየት ቢያስጠላዎም በፖስታ አሽገው ለሚያምኑት ሰው ይስጡ።

ብዙዎች የማይጠይቁት ነገር ቁጥሩ ነው። የደቡብ አፍሪካ መታወቂያ 13 አሃዝ አለው፤ ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ያሉት አራቱ ጾታን ይናገራሉ። ከ5000 በታች ሴት፣ ከዚያ ወዲያ ወንድ። በስዊድን የግል ቁጥር ላይ ከመጨረሻው ቀድሞ ያለው አሃዝ ጎዶሎ ከሆነ ወንድ፣ ሙሉ ከሆነ ሴት ነው። መለያው ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲቀየር ደግሞ ባንኩ፣ ጡረታው፣ ግብሩ አያውቅዎትም። አርጀንቲና ነባሩን ቁጥር ሳትነካ ትተዋለች፤ ለእኔ ይህ ነው ትክክሉ። እርስዎ ጋ የሚቀየር ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤቱ ሳይቀበሉ አይውጡ።

አሁን ወደ ፓስፖርቱ። አዲሱን ሲቀበሉ እዚያው መስኮቱ ጋ ቆመው ይዩት። ከፎቶው በታች ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። በሁለተኛው መስመር ላይ በጣትዎ ይቁጠሩ። አሥሩ የፓስፖርት ቁጥሩና ማረጋገጫው፣ ሦስቱ ዜግነት፣ ሰባቱ የልደት ቀንና ማረጋገጫው። ሃያ አንደኛዋ ጾታ ናት። ከላይ ከተጻፈው ጋር መግጠም አለባት። መለያዎ ኤክስ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ኤክስ አያገኙም፤ ጫፏ ወደ ግራ የዞረ የቀስት ራስ የምትመስል ምልክት ናት የምትገባው። ስህተት አይደለም፤ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ነው። ከዚህ ውጭ የተለየ ካዩ ሳይወጡ ይመልሱት። አየር ማረፊያ ላይ ከማወቅ ይሻላል።

ቲኬት ቆርጠው ከሆነ ከጉዞው በፊት ፓስፖርት አያስቀይሩ። አሮጌው ላይ የተመታ ቪዛ ካለም አስቀድመው ይጠይቁ። ኤክስን የማይቀበሉ አገሮች ስላሉ የሚሄዱበትንም የሚያልፉበትንም ያጣሩ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዴት ይሆናል? አንዲት የማውቃት ሴት ሰው የሞላበት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ በድምፅ ማጉያ የቀድሞ የወንድ ስሟን ጠሩት። አልተነሳችም። ደገሙት። ፎልደሩን ደረቷ ላይ ይዛ ወለሉን ታይ ነበር። ተራዋ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር ስሄድ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ «በቁጥር ይጥሩን፤ ካልሆነም በአባት ስም» እላለሁ። አብዛኛው ሠራተኛ እሺ ይላል። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ተራዎ ሲደርስ ታሪክዎን ለመንገር አይቸኩሉ። «መረጃ ለማስተካከል ነው የመጣሁት፤ ውሳኔው ይኸው» ማለት በቂ ነው። ስለ ሰውነትዎ፣ ስለ ሕክምናዎ ከጠየቁ «ሕጉ ይህን ይጠይቃል? የቱ አንቀጽ ላይ ነው?» ይበሉ፤ በለሰለሰ ድምፅ። አይሆንም ካሉ በጽሑፍ ይስጡኝ ይበሉ። ስምና ቀን ያለበት የእምቢታ ወረቀት ለይግባኝ ያገለግላል። ሲሄዱም ሰው ይዘው ይሂዱ።

የትምህርት ማስረጃ ላይ ብዙ ትምህርት ቤቶች «የተሰጠው አንዴ ነው» ይላሉ። ኬንያ ውስጥ በ2014 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የፈተናዎች ምክር ቤቱ የአንዲት ትራንስ ሴትን (ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች ሴትን) ሰርተፍኬት በአዲሱ ስሟ፣ ያለ ጾታ ምልክት እንዲሰጣት አዝዟል። የጀርመኑ ሕግም ዲፕሎማና የሥራ ምስክር ወረቀት በአዲሱ ስም እንደገና እንዲሰጥ መብት ይሰጣል፤ ወጪው የጠያቂው ነው። ይህን ችላ አይበሉት። ሥራ ሲያመለክቱ ገመናዎን ሁሉ የሚያወጣው ያ አሮጌ ዲፕሎማ ነው።

ጤና ጣቢያዎን ደግሞ ራስዎ ይንገሩ። አንዳንድ አገር የካንሰር ምርመራ ጥሪ የሚላከው በመዝገቡ ላይ ባለው ጾታ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ወንድ ተብሎ የተመዘገበ ሰው የማሕፀን በር ምርመራ ጥሪ በራሱ አይደርሰውም፤ ማሕፀን ቢኖረውም። ሐኪምዎ እንዲያስታውስዎ ያስጽፉ።

ልጅ ካለዎት ወይም ለመውለድ ካሰቡ ማመልከቻውን ከመፈረምዎ በፊት የቤተሰብ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይጠይቁ። የእርስዎ መለያ ሲቀየር የልጁ ሰርተፍኬት አብሮ ላይቀየር ይችላል። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2020 በሕግ ወንድ የሆነና ልጁን ራሱ የወለደ ሰው በልጁ ሰርተፍኬት ላይ «እናት» ተብሎ እንዲመዘገብ ወስኗል። እንዲህ ያለ ነገር የሚያጋጥምዎ ከሆነ ለልጁ ትምህርት ቤትና ለጉዞ የሚሆን፣ ወላጅነትዎን የሚገልጽ የተረጋገጠ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤቱ አውጥተው ከልጁ ፓስፖርት ጋር ያስቀምጡ።