የግል ጤና ኢንሹራንስ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጀመሪያ የጤና ኢንሹራንስ ስገዛ ያነበብኩት የሚያምረውን የፊት ገጽ ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪም ኤምአርአይ አዘዘልኝ። ኢንሹራንሱ ውል በያዘበት ሆስፒታል ምርመራውን ተነሳሁ፣ ደረሰኙን አስገባሁ፣ ውድቅ ተደረገ። ለካ ለእንዲህ ያለ ምርመራ ቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ። የት ተጽፏል? ገጽ 23 ላይ። ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት የእኔው ነው፦ ውሉን ከፊት ወደ ኋላ ማንበብ። ከኋላ ይጀምሩ። "የማይሸፈኑ" የሚለው ዝርዝር ያለው እዚያ ነው።

ያለዎትን ሳያውቁ መግዛት

መሥሪያ ቤትዎ ሽፋን ይሰጣል? የትዳር አጋርዎስ? የመንግሥት ሕክምናው እስከ የት ያደርስዎታል? የሕክምና ወጪ ኢንሹራንስ የሚከፍለው በወጣው ወጪ ልክ ነው። ሁለት ቦታ አረቦን (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለውን መዋጮ) ስለከፈሉ ለአንድ ሂሳብ ሁለት ጊዜ አይከፈልዎትም። በሌላ በኩል የመሥሪያ ቤት ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከሥራው ጋር አብሮ ይቀራል። ሥራ የመልቀቅ ሐሳብ ካለ ይህን ቀድሞ ማሰብ ነው።

የግሉ የመንግሥቱን ሁሉ ይተካል ብሎ ማሰብም ልክ አይደለም። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ የግል ኢንሹራንሶች በአብዛኛው ድንገተኛ አደጋንና እንደ ስኳር ያሉ ዘላቂ ሕመሞችን መከታተልን አይሸፍኑም። እሱ የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ሥራ ነው።

በትንሹ ወጪ መማረክ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ሽፋን ሲመርጥ የሚያየው የለመደውን ወጪ ነው፤ የጉንፋን መድኃኒት፣ መነጽር፣ ጥርስ ማሳጠብ። ሻጮችም ይህን ያውቃሉ፤ ማስታወቂያውን በነዚህ ይሞሉታል። ግን መነጽር ማንንም ቤቱን አያሸጥም። ቤት የሚያሸጠው ካንሰር ነው፣ የልብ ቀዶ ጥገና ነው፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሦስት ሳምንት መተኛት ነው። ስለዚህ ጥያቄው "ተመላላሽ ሕክምና አለው ወይ?" ከሚለው በፊት "ተኝቶ ሕክምና ላይ የዓመቱ ጣሪያ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ትልቁ መጠን፣ ስንት ነው?" መሆን አለበት።

ጣሪያው ውስጥም ሌላ ጣሪያ አለ። ጠቅላላው ትልቅ ሆኖ ለአልጋ በቀን፣ ለካንሰር በዓመት የተለየ ገደብ ሊቀመጥ ይችላል። ከሂሳቡ እርስዎ የሚከፍሉትን ድርሻም ይጠይቁ። 20 በመቶ ሲባል ቀላል ይመስላል። ሂሳቡ 500,000 ሲመጣ ግን ከኪስዎ የሚወጣው 100,000 ነው። "የእኔ ድርሻ በዓመት ከዚህ አያልፍም" የሚል ገደብ ያለበት ውል፣ አረቦኑ ትንሽ ቢወደድም እኔ እሱን እመርጣለሁ። ለትንንሹ ሕክምና ራስዎ ለመክፈል ከተስማሙ ደግሞ አረቦኑ ይረክሳል። ተቀማጭ ገንዘብ ላለው ሰው ይህ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ሕመምን መደበቅ

ቅጹ ላይ "የደም ግፊት አለብዎት?" ይላል። ወኪሉ "እሱን ይተዉት፣ ዋጋ ያስጨምራል" ይላል። አይስሙት። ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ፊርማው ግን የእርስዎ ነው። ኢንሹራንሱ የሕክምና ታሪክዎን በደንብ የሚመረምረው ብዙ ጊዜ ሲገዙ ሳይሆን ትልቅ ሂሳብ ሲመጣበት ነው። ያኔ የተደበቀ ነገር ካገኘ ክፍያውን ሊከለክል፣ ውሉንም ሊያፈርስ ይችላል። የከፈሉት አረቦን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። አንዳንድ አገሮች የጤና ጥያቄውን ራሱ አንስተውታል። አሜሪካ ውስጥ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋናዎቹ የጤና ኢንሹራንሶች በነባር ሕመም ምክንያት ሰው መመለስ አይችሉም። የእርስዎ አገር ሕግ የትኛው እንደሆነ ሳይፈርሙ ይወቁ።

ሲያምዎ ለመግዛት መጠበቅ

ከገዙ በኋላ ሽፋኑ የማይሠራበት የመጠበቂያ ጊዜ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ በሆስፒታል ሽፋን ለነባር ሕመምም ለወሊድም እስከ 12 ወር ነው። እንግዲህ ያስሉት፦ ካረገዙ በኋላ የተገዛ ሽፋን ለዚያ ልጅ አይደርስም። እዚያው አገር ዕድሜው 30 ካለፈ በኋላ ዘግይቶ ወደ ሆስፒታል ሽፋን የሚገባ ሰው ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ዓመት 2 በመቶ ጭማሪ ይከፍላል። በሌሎች ብዙ ቦታዎችም ዕድሜ በጨመረ ቁጥር አረቦኑ ይጨምራል። ስለዚህ የዛሬውን ዋጋ ብቻ አይጠይቁ። በእርስዎ ዕድሜና በ60 ዓመት መካከል ስንት እንደሚሆን፣ ቢታመሙ ኢንሹራንሱ ውሉን አላድስም ማለት ይችል እንደሆነም ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ሆስፒታሎቹን ሳያጣሩ መፈረም

ይህ አጭር ነው። ዝርዝሩን ብቻ አይመኑ፣ የሚታከሙበት ሆስፒታል ደውለው "ይህን ሽፋን ትቀበላላችሁ?" ይበሉ። ሆስፒታሉ ተቀብሎ ሐኪሙ ወይም የማደንዘዣ ባለሙያው ለብቻው የሚያስከፍልበት ጊዜም አለ።

ፈርመው ከሆነም አይደንግጡ። በብዙ አገር ከፈረሙ በኋላ ውሉን ያለ ቅጣት የሚሰርዙባቸው ጥቂት ቀናት ይሰጣሉ። ገጽ 23ን ለማንበብ ይበቃሉ።