ንቧን አታሳድዷት፦ በጣና ዳር አበባና ነፍሳትን በቅርብ ማንሳት

ንቧን አታሳድዷት። ከአበባ አበባ እየተከተላችሁ ከሮጣችሁ የሚተርፋችሁ ላብና የደበዘዘ ፎቶ ነው። እኔ እንጀራዬ ሰርግ ማንሳት ነው፤ ሙሽራን ጠብቆ እንጂ አሳድዶ ያነሳ የለም፣ ነፍሳትም እንደዚያው ናቸው። አንድ ያማረ አበባ ምረጡ፣ ከጀርባው የተዝረከረከ ነገር እንደሌለ እዩ፣ ፎከሱን አስተካክላችሁ ቁጭ በሉ። ራሳቸው ይመጣሉ።

ሰዓቱ ጠዋት ነው። ባሕር ዳር ከቀትር በኋላ የሐይቁ ነፋስ ይነሳል፤ አበባው ከተወዛወዘ ደግሞ የትኛውም ካሜራ አያድናችሁም። ነፍሳት ሙቀታቸውን የሚያገኙት ከውጭ ስለሆነ የሌሊቱ ብርድ ሳይለቃቸው ቶሎ አይበሩም። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ጤዛ ክንፉ ላይ ያረፈበት የውሃ ተርብ አጠገቡ ብትደርሱም ንቅንቅ አይልም። ጥላችሁ ብቻ አይረፍበት።

መስከረም ላይ ከሆናችሁ አደይ አበባ አለላችሁ። ሰው ሁሉ የሚያነሳው ሜዳውን ነው፤ እናንተ አንዷን ጠጋ ብላችሁ እዩ። መሐሏ ላይ ያለው ክብ ነገር አንድ ላይ የታጨቁ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። ከዳር ጀምረው ወደ መሐል በየተራ ይፈካሉ፤ ስለዚህ ዳሩ ዱቄት ሲበትን መሐሉ ገና እምቡጥ ነው።

አበባዋ ላይ ዝም ብላ የቆየች ንብ ካያችሁ ቶሎ አትለፏት። ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ። ቢጫ ሸረሪት አንገቷን ይዛት ይሆናል። ይቺ ሸረሪት የሚያጠምድ ድር አትዘረጋም፤ የፊት አራት እግሮቿን ከፍታ አበባው ላይ ትጠብቃለች፣ ስትሄድም ወደ ጎን ነው። አንዳንድ ዝርያዎቿ በቀናት ውስጥ ከነጭ ወደ ቢጫ ይለወጣሉ። የምትበላውን ይዛለችና አትሸሽም፣ ተረጋግታችሁ አንሱ። ፎከሱ ዓይኗ ላይ ይሁን። ዓይኗ ከጠፋ ፎቶው የለም።

ዕቃ ብዙ አያስጨንቃችሁ። ስልክ ላይ የሚቆነጠጠው ትንሿ ማክሮ ሌንስ ለአበባ ይበቃል። ካሜራ ካላችሁ ደግሞ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) በእጅ የሚዞር የድሮ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ፈልጉና ለዚሁ በተሠራ ቀለበት ገልብጣችሁ ካሜራው ላይ ግጠሙት። የሌንሱ የኋላ መስታወት ወደ ውጭ ስለሚቀር ከአቧራ ጠብቁት። ከዚያ አፐርቸሩን 8 ወይም 11፣ ስፒዱን 1/200 ሰከንድ አድርጉ። እንዲህም ሆኖ ጥርት ብሎ የሚወጣው ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ የሌንሱን የፎከስ ቀለበት ከማዞር ሰውነታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ወደፊትና ወደኋላ አወዛውዙ፣ በተከታታይም አንሱ። ነፋስ ካስቸገረ ቀጭን እንጨት ተክላችሁ አገዳውን በክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩት።

ለብርሃን ነጠላ የመሰለ የለም። አንድ ሰው በፀሐዩና በአበባው መሐል ወጠር አድርጎ ይያዝላችሁ፤ ያ የሚያቃጥል ነጭ ብልጭታ ከጥንዚዛው ጀርባ ላይ ይጠፋል። የእናቴን ነጠላ ወስጄ ጭቃ ስላስነካሁት የራሴን ገዝቻለሁ።

እምቦጭንም አትናቁት። ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ጣናን እያስጨነቀ ያለ አረም ነው፣ አበባው ግን ያምራል። ከስድስቱ ሐምራዊ ቅጠሎች ላይኛው ብቻ መሐሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አለው። ከጎን ካነሳችሁት ነጠብጣቡ አይታይም፤ ፊት ለፊት ሁኑ። ነቅላችሁ ግን ወደ ሌላ ቦታ እንዳትወስዱ፤ ከትንሽ ቁራጭ ተነስቶ ይራባል። ለማንሳት ብላችሁም ውሃው ውስጥ አትንበርከኩ፣ ከውሃው በቆዳ የሚገባ ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለ። ጉማሬም አለ፤ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ሌሊቱን ሳር ሲግጥ አድሮ ጠዋት ወደ ውሃ ይመለሳል። በመንገዱ መሐል ተንበርክካችሁ እንዳያገኛችሁ፣ ደህና እስኪነጋ ጠብቁ፤ የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆችም ጠይቁ።

ዘጌ ደግሞ ቡናው ሲያብብ ነው። ነጩ አበባ ከዝናብ በኋላ ባንዴ ይፈካና በጥቂት ቀን ይረግፋል። ዘጌ የሚኖር ሰው ስልክ ያዙ፤ «አበበ» ሲላችሁ በነጋታው በጀልባ ሂዱ። ጫካው ጥላ ስለሆነ ነጠላውን ቤት ትታችሁ ፍላሽ ያዙ፣ ፊቱንም በነጭ ወረቀት ሸፍኑት።