ከተጣለ ኳስ፣ ከትሬድሚል ቀበቶና ከብስክሌት ጎማ ሰንደል አሠራር

ከስፖርት ዕቃ የተሠራ ሰንደል በሁለት ሳምንት ሲበተን ብዙ ሰው ማስቲሹን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማስቲሹ አይደለም። የኳስ ቆዳም የትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ቀበቶም ማስቲሽ አይቀበሉም። ስለዚህ እዚህ የምናሳየው ሰንደል ጉልበቱ ስፌቱ ላይ ነው፤ ማስቲሽ የሚገባው ፎሙና ጎማው በሚገናኙበት ቦታ ብቻ ነው። በረባሶ ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በረባሶ ዕድሜው የሚረዝመው ጠፍሩ ሶሉን በስቶ ስለሚያልፍ ነው እንጂ ስለተለጠፈ አይደለም።

ለአንድ ጥንድ 40 ቁጥር የሚበቃው ይህ ነው፦ በእጅ የተሰፋ ባለ 32 ቁራጭ 5 ቁጥር ኳስ አንድ፣ ባለ 26 ኢንች የማውንቴን ብስክሌት ጎማ አንድ፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቴኳንዶ ማት (ፎም የምንለው ይህን ነው) 30 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ የትሬድሚል ቀበቶ 50 በ35 ሴንቲ ሜትር፣ ወፍራም የጫማ ናይለን ክር 15 ሜትር፣ ለጠፍር የሚሆን ቀጭን ናይለን ክር፣ 2 ሴንቲ ሜትር ጠፍር የሚያስገቡ ሁለት ዘለበቶች፣ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ማስቲሽ፣ ለመጠቅለያ አሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ)። ከመሣሪያ ጫፉ መንጠቆ ያለው ወስፌ፣ ካተር፣ መዶሻ፣ ሞረድ፣ ሸካራ ብርጭቆ ወረቀትና ትንሽ ሰም ይበቃል።

ኳሱን ከትምህርት ቤትና ከሰፈር ቡድን፣ ጎማውን ከብስክሌት ጠጋኝ ጠይቁ። ቀበቶው የሚገኘው ከጂም ነው። ጂሞች የመሮጫ ማሽኑን ቀበቶ ሲቀይሩ አሮጌው ወደ 3 ሜትር የሚረዝም ሙሉ ጥቅል ሆኖ ይወጣል። መሐሉ በእግር ተፍቆ ቢሳሳም ዳርና ዳሩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ለብዙ ጥንድ ስለሚበቃ ተካፈሉት።

ዕቃው ቤት ሳይገባ ይፈተን። የኳሱን ቆዳ በሁለት ጣት አጥፋችሁ እጥፋቱን እዩት፤ ጭረት ካወጣ ወይም ልጡ እንደ ቅርፊት ከተነሣ ለጠፍር አይሆንም። በተለይ ፒቪሲ (የፕላስቲክ ዓይነት) የሆነው ርካሽ ኳስ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ይገትራል፤ የደሴን የጥቅምትና የኅዳር ማለዳ አይችልም። ስፌት የሌለው፣ በሙቀት የተጣበቀ ኳስ ደግሞ ሳይቀደድ አይፈታም። ማቱን በአውራ ጣት 10 ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁት። ጉድጓዱ ወዲያው ካልሞላ ፎሙ ሞቷል፣ ተረከዝ ሥር በወር ውስጥ ይተኛል። ጎማው ውስጡ ክሩ የታየ ወይም ጎኑ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ተዉት።

ታኬታ ጫማን ፈትቶ ሶሉን ለመጠቀም የሚሞክር አለ፤ አይመከርም። ያ ጠንካራ ፕላስቲክ በተራ ማስቲሽ አይያዝም፣ ጥርሱም አስፋልት ላይ ያዳልጣል። የጎል መረብ ገመድም ለስፌት አይሁን። ፀሐይ የበላው ገመድ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል እንጂ ሲስቡት ይበጠሳል።

ልክ አወሳሰድ

እግር ማታ ማታ ትንሽ ስለሚያብጥ ልኩ ከሰዓት በኋላ ይወሰድ። ባለቤቱ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ካርቶን ላይ ይቁም፣ እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይዙር። ከፊት 1 ሴንቲ ሜትር፣ ከተረከዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ ከጎንና ጎን 8 ሚሊ ሜትር ጨምሩ። ቁጥሩን ለማወቅ የሶሉን ርዝመት በሴንቲ ሜትር በ1.5 ማባዛት ነው፦ እግሩ 25.2 ከሆነ ሶሉ 26.7 ይሆናል፣ ያ ማለት 40 ቁጥር ነው። የጎኑን 8 ሚሊ ሜትር አትቀንሱ። ሶሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ጠባብ ከተቆረጠ ኮብልስቶን ላይ እግር ይጠመዘዛል።

ካርቶኑ ላይ የአውራ ጣቱንና የትንሿን ጣት መገጣጠሚያ ምልክት አድርጉ። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ አይውሉም፤ የትንሿ ወደ ኋላ ትቀራለች። የፊቱ ጠፍር ይህን ሰያፍ ተከትሎ ካልሄደ ትንሿን ጣት ይልጣታል።

ጠፍር

ኳሱን በመርፌ አስተንፍሱና የስፌቱን ክር እየበጠሳችሁ ፍቱት። 20 ባለ ስድስት ጎንና 12 ባለ አምስት ጎን ቁራጭ ይወጣል። ለጠፍር የሚፈለገው ባለ ስድስት ጎኑ ነው። ከአንዱ ጎን ወደ ትይዩው ጎን ሲለካ 7.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በዚያ አቅጣጫ 7.5 በ4 የሆነ ቁራጭ ይወጣዋል፤ ከጥግ ወደ ጥግ ከቆረጣችሁት ግን ጫፉ ይሾላል፣ ስፋቱም አይበቃም። ሦስቱን በ1 ሴንቲ ሜትር እያደራረባችሁ በሁለት ረድፍ ብትሰፏቸው 20.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ እግር የፊትና የመሐል ጠፍር አለ፣ በጠቅላላው 12 ቁራጭ። ለተረከዝ ጠፍር አንዱን ቁራጭ በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቃችሁ 2 ሴንቲ ሜትር አድርጉት፤ 4 ቁራጭ ለሁለቱም እግር ይበቃል። የተረፉት 4ቱ ለስህተት ናቸው፣ መጀመሪያ ለሚሠራ ሰው ያስፈልጉታል።

የኳስ ቆዳ ብቻውን ይለጠጣል። ጀርባው ላይ የትሬድሚል ቀበቶ ይግባ፦ ለፊትና ለመሐል 32 በ4 የሆኑ አራት፣ ለተረከዝ 28 በ2 የሆኑ ሁለት። የቀበቶው የጨርቅ ፊት ወደ እግር፣ የፕላስቲክ ፊቱ ወደ ኳሱ ቆዳ ይዙር። ዳሩን በ4 ሚሊ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። ክሩ እንዳይተረተር ብላችሁ ጠርዙን በሻማ አትለብልቡት፤ ፒቪሲ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል። በስለታም ካተር ቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ይበቃዋል።

አሁን ደግሞ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ነገር። የትሬድሚል ቀበቶ ማሽኑ ላይ እንዲንሸራተት ከሥሩ ሲሊኮን ዘይት ይቀባል። ዘይቱ ጨርቁ ውስጥ ስለሚሰርግ በሙቅ ውኃና በኦሞ አጥባችሁትም ማስቲሽ በደንብ አይዘውም። የዕለቱ ዕለት የተያዘ ይመስላል፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ሙዝ ልጣጭ ይነሣል። የኳሱ ቆዳ ፒቪሲ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ቀስ እያለ ወጥቶ ማስቲሹን ያላላዋል። እነዚህን ሁለቱን መስፋት ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ሶሉን መገጣጠም

ፎሙን በካርቶኑ ልክ ቁረጡ፤ ካተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ካዘነበለ ከታች በኩል ይጠብባል። ከዚያው ልክ አንድ አንድ የትሬድሚል ቀበቶ ቆርጣችሁ ሸካራው ፊት ወደ ላይ ሆኖ ፎሙ ላይ ይቀመጥ። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም፦ ክርም ጠፍርም ሲሳብ ለስላሳውን ፎም እንደ ቅቤ ይቆርጠዋል፣ ቀበቶው ግን ይይዘዋል።

ከዳር 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ቀበቶውንና ፎሙን አንድ ላይ የሚበሳ፣ ርዝመቱ 4.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስንጥቅ አውጡ፤ ለፊቱ ጠፍር ሁለት፣ ለመሐሉ ሁለት። የጠፍሩን ሁለት ጫፍ በስንጥቁ አሳልፋችሁ ከፎሙ ሥር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አደራርቧቸውና እርስ በርስ ስፏቸው። ጠፍሩ ፎሙን የሚዞር ቀለበት ሆነ ማለት ነው፤ ማስቲሹ ቢለቅም አይወጣም። ከመስፋታችሁ በፊት ግን እግር አስገብታችሁ ለኩ። አንድ ጣት በጭንቅ የሚያስገባ ጥብቀት ይኑረው፣ በኋላ ትንሽ ይላላል። የተረከዙን ጠፍር በመሐሉ ጠፍር ጎንና ጎን ላይ ስፉ፣ ዘለበቱ ወደ ውጭኛው ጎን ይሁን። ደሴ ላይ ከቧንቧ ውኃ ሰፈርም ይሁን ከሌላ ዳገት ወደ ፒያሳ ሲወረድ እግር ወደ ፊት ይንሸራተታልና ይህ ጠፍር የግድ ነው።

ጠፍሩ የሚያልፍበትን የፎሙን ሥር 2 ሚሊ ሜትር፣ በተደራረበበት ቦታ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ጎድጎድ አድርጉት። ካልጎደጎደ ሶሉ እዚያ ላይ ያብጣል፣ ጎማውም መጀመሪያ የሚለቀው ከዚያ ነው።

የብስክሌቱን ጎማ ሽቦ ያለበትን ዳር ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ሽቦው ከፍላጎታችሁ ውጭ ሊፈናጠር ስለሚችል ፊታችሁን አርቁ። መሐሉ ላይ ጥርስ፣ በአንድ ጎኑ ስስ ዳር ያለው፣ 6 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋና 29 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አራት ቁራጭ አውጡ። ሙቅ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ነክራችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በመጅ ተጭነው ሁለት ቀን ይደሩ። ይህን የዘለለ ሰው ጎማው ወደ ቀድሞ ጉብጠቱ ሲመለስ ዳሩ እየተገነጠለ ያስቸግረዋል። ሁለት ሁለቱን ጥርሱ ያለበት ጎን ለጎን፣ ስሱ ዳር ወደ ውጭ ሆኖ በመስቀልያ ስፌት አጋጥሟቸው። በቁመት ነው የሚቀመጡት። ጎማው ሲንከባለል መሬት የሚቧጥጥበት አቅጣጫ ከእግሩ ጉዞ ጋር ካልገጠመ ጥርሱ በእርጥብ ድንጋይ ላይ አይረዳም።

ማስቲሽ

የፎሙን ሥርና የጎማውን ውስጥ በሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ወዙ እስኪጠፋ ፈግፍጉ፣ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። ስስ አድርጋችሁ ሁለቱንም ቀቡ፣ ይድረቅ፣ ድገሙ። ከሁለተኛው ቅብ በኋላ የጣታችሁን ጀርባ አስነኩት፤ ከያዘና ክር ካልጎተተ ደርሷል።

ሰዓቱ እንደ ከተማው ይለያያል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል ላይ ስላለች ሞቅ ባለ ቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ዘግይታችሁ ከገጠማችሁት ገጹ ደርቆ አይያዝም። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ 2,500 ሜትር አካባቢ ያለችው ደሴ ስትደርሱ ግን በሐምሌና በነሐሴ 25 ወይም 30 ደቂቃ ይወስዳል። ማስቲሹ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው የጉሙ እርጥበት በማይታይ ላብ መልክ ይቀመጥበታል፣ ላብ የያዘ ማስቲሽ ደግሞ አይገናኝም። በክረምት ደሴ ላይ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥሩ። ቤቱ እንዲሞቅ ብላችሁ የከሰል ምድጃ አታስገቡ፤ የማስቲሽ ትነት እሳት ይስባል። መስኮት ክፈቱ፣ ቆርቆሮውን ወዲያው ክደኑ፣ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ። ለልጅ አእምሮ መርዝ ነው።

ከተረከዝ ጀምራችሁ ወደ ፊት እያሳረፋችሁ ግጠሙት፣ በመዶሻ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥቅጡ። የብስክሌቱን ከመነዳሪ በጠባቡ ቀድዳችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉትና 24 ሰዓት ይደር። ከዚያ የተረፈውን ጎማ በካተር ከርክሙ።

ዙሪያ ስፌት

ክሩን ሰም አስነኩ። ከዳር 5 ሚሊ ሜትር ገብታችሁ በ8 ሚሊ ሜትር ርቀት እየወጋችሁ ሦስቱንም ንብርብር አያይዙ። ጎንና ጎን ላይ ስፌቱ የሚያርፈው የጎማው ስስ ዳር ላይ ስለሆነ መሬት አይነካውም። አፍንጫውና ተረከዙ ላይ ግን ጥርስ ያጋጥማችኋል፤ ክሩ በጥርስ መካከል ይግባ፣ ካልሆነም በካተር ቦይ አውጥታችሁ ቅበሩት። ጥርስ ላይ የተጋደመ ክር በሳምንት ያልቃል፣ አንዱ ሲበጠስ ቀጣዩን ይዞ ይሄዳል። ክሩን ስትስቡ ፎሙ ዳር ላይ ትንሽ እስኪጎዳጎድ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ከጠበቀ ሶሉ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ይታጠፋል።

ጭቃ ሲይዘው በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ምድጃ አጠገብ ወይም የኮምቦልቻ ቀትር ፀሐይ ላይ የተተወ ፎም ይኮማተራል፣ አንዱ እግር ከሌላው ያንሳል።

መጀመሪያ የሚያልቀው የተረከዙ ውጭኛ ጥግ ነው፣ ቁልቁለት የሚመላለስ ሰው ላይ በተለይ። ጥርሱ ጠፍቶ ጎማው ሲለሰልስ፣ ክሩ ሳይነካ፣ ከመጀመሪያው ጎማ ከተረፈው ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ቁራጭ 9 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አራት ውሰዱ። የተረከዙን ስፌት ብቻ ፍቱ፣ አሮጌውን ጎማ ከተረከዙ 9 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆርጣችሁ አንሡ፣ መጋጠሚያውን በሰያፍ ሞርዱት፣ አዲሱን በዚያው መንገድ ለጥፋችሁ በአሮጌው ቀዳዳ መልሳችሁ ስፉ።