የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙ የሕመም ማስታገሻዎች በልካቸው ከተወሰዱ ለአብዛኛው ሰው የሚያሰጉ አይደሉም። ችግሩ በብዛት የሚጀምረው ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት፣ ሕመምተኛው ትዕግሥት ሲያጣ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጀምር «አልሠራም» ብሎ መደምደም ነው። ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን ሟሙቶ በአንጀት በኩል ወደ ደም መግባት ስላለበት፣ ሕመሙ መቀነስ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ሆድ በምግብ ከተሞላ ደግሞ ይዘገያል።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት በላዩ ላይ ሌላ ክኒን መጨመር ነው። አንድ ጤነኛ አዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ክኒን፣ ቢያንስ በ4 ሰዓት ልዩነት ሊወስድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ8 ክኒን ማለፍ የለበትም። የጉበት ሕመም ያለበት፣ አዘውትሮ መጠጥ የሚጠጣ ወይም ክብደቱ ከ50 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ሰው መጠኑ ሊቀነስለት ስለሚገባ ባለሙያ ይጠይቅ። ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ጉበቱ ግን በዚያው ጊዜ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። ማርከሻው ይበልጥ የሚጠቅመው በ8 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በመሆኑ ሕመም እስኪሰማ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ተደብቆ የሚያልፈው ስህተት አንዱን መድኃኒት በተለያየ ስም ደራርቦ መውሰድ ይመስለኛል። ከሰፈር መድኃኒት ቤት የተገዛው ፓናዶል፣ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ታይለኖል፣ ከእስራኤል የመጣው አካሞል በውስጣቸው ያለው ፓራሲታሞል ነው፤ የአሜሪካው ማሸጊያ «አሴታሚኖፌን» ብሎ ስለሚጽፈው ሌላ መድኃኒት ይመስላል። ብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶችም ይኸው አላቸው። አይቡፕሮፌንን ከዲክሎፌናክ ጋር መውሰድም እንዲሁ አይገባም፤ ሁለቱ የአንድ ወገን መድኃኒቶች ስለሆኑ፣ የሚጨምረው ማስታገሻነቱ ሳይሆን በጨጓራና በኩላሊት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ነው።

የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ከ20 ሳምንት ያለፈ እርግዝና ላይ ያለች ሴት፣ ሐኪም ሳያማክሩ አይቡፕሮፌን መውሰድ የለባቸውም። በጾም ሰዓት በባዶ ሆድ መዋጡም ጨጓራን ያስቆጣል፤ ምግብ በልቶ መውሰድ ቅሬታውን ሊያቃልል ቢችልም ቁስለትን አያስቀርም።

ለሕፃናት የአዋቂ ክኒን በግምት ሰብሮ መስጠት ስህተት ነው፤ መጠኑ የሚወሰነው በክብደታቸው ነው፤ ሽሮፑም በወጥ ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በሚመጣው መለኪያ ይሰጥ። ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

በመጨረሻም፣ ትኩሳትን በክኒን እያበረዱ ቀናትን ማሳለፍ አለ። ወባ ባለበት አካባቢ የሚኖር ወይም ከዚያ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ በፓራሲታሞል ቢወርድለትም ጥገኛ ተሕዋስያኑ ከደሙ ስለማይጠፉ፣ የደም ምርመራውን በዚያው ቀን ማድረግ ይኖርበታል።